ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት ቃላችሁን ምረጡ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የእሳት አደጋ ቡድኖች የንጽጽር መመሪያ

አንድ የልምምድ ቀን ያየሁት ነገር እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም። ድሬዳዋ፣ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች ጭምብል አጥልቀው ጭስ ወደሞላበት ክፍል ገብተዋል። እኔ ደጅ ቆሜ ሬዲዮውን አዳምጣለሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ነጭ ሰሌዳ ይዟል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን ይጽፋል። አስተባባሪው «ወጣችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከውስጥ በጩኸት መሃል አንድ ቃል ተሰማ፦ «ወጣን»። ሰሌዳ የያዘው ልጅ ሁለቱንም ስም ሰረዘ።

ልጆቹ ግን ውስጥ ነበሩ። ያሉት «አልወጣንም» ነው። ተናጋሪው ቁልፉ በደንብ ሳይያዝለት አፉን ከፈተ፤ «አል» ተበላች። ሳይጨርስ ጣቱን አነሳ፤ «ም» ተበላች። መሃሉ ብቻ ቀረ።

ልምምድ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አማርኛ አሉታን የሚሸከመው በግሱ ፊትና ኋላ ነው። ሬዲዮ ደግሞ የሚቆርጠው ፊትንና ኋላን ነው። ማለትም በእኛ ቋንቋ «የለም» የሚለው መልእክት ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ነው።

ሬዲዮ ፕሮግራም ማድረግና ሠራተኛ ማለማመድ ሥራዬ ነው። የፋብሪካ የእሳት መከላከል ቡድኖችም፣ በጎ ፈቃደኞችም፣ «የትኛውን እንግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው «ስትደርሱ ምን ብላችሁ ነው የምትናገሩት?» ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከመሣሪያው ሳይሆን ከቃሉ እጀምራለሁ።

የት እንዳላችሁ በምን ትናገራላችሁ?

አማራጮቹ አራት ናቸው። በቃል፣ በቁጥር ኮድ፣ በሬዲዮው ቁልፍ፣ ወይም በስልክ።

ከቁጥር ልጀምር። ጀርመኖች የመኪናን ሁኔታ በቁጥር ያሳውቃሉ። 1 ማለት መንገድ ላይ ነኝ፣ ለስምሪት ዝግጁ ነኝ ነው። 2 ጣቢያ ነኝ። 3 ጥሪውን ተቀብዬ ተነስቻለሁ። 4 ቦታው ደርሻለሁ። 6 ለሥራ ዝግጁ አይደለሁም። 7 ታካሚ ጭኛለሁ። 8 ሆስፒታል ደርሻለሁ። ጥሩ አሠራር ነው፤ አጭር ነው፣ አገሩ ሁሉ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ያውቀዋል። አሜሪካኖች ደግሞ በ10 የሚጀምሩ ኮዶች ነበሯቸው፤ አመጣጣቸው ከ1930ዎቹ የፖሊስ ሬዲዮ ነው። ችግሩ አንዱ ከተማ ለአንድ ኮድ የሰጠውን ትርጉም ሌላው ከተማ ለሌላ ነገር ተጠቀመበት። በትልቅ አደጋ ላይ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሲገናኙ እርስ በርስ መግባባት አቃታቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ብዙ መሥሪያ ቤት በሚሳተፍበት አደጋ ላይ በተራ ቃል ተናገሩ አለ።

ለእኛ የትኛው ይሻላል? የእኔ ምርጫ ቃል ነው። ድሬ ላይ ትልቅ እሳት ሲነሳ የከተማው እሳት አደጋ ብቻውን አይመጣም። ፖሊስ አለ፣ አምቡላንስ አለ፣ የፋብሪካው የራሱ ቡድን አለ፣ ውሃ የጫነ ቦቴ ያለው ግለሰብም አለ። ለእነዚህ ሁሉ የኮድ ዝርዝር ማስጠናት አይቻልም። «ደርሰናል» የሚለውን ግን ሁሉም ያውቃል።

ያውቃል ስል ግን አንድ ልማዳችንን ማንሳት አለብኝ። እኛ «ደረስኩ» የምንለው ልንደርስ ስንል ነው። «መጣሁ» የምንለው ገና ጫማ ስናስር ነው። በወዳጅ መካከል ይህ ማጽናኛ ነው፤ ማንም አይጎዳም። በእሳት ሥራ ግን ማዕከሉ «ደርሰናል» ሲባል ሁለተኛ መኪና መላኩን ሊተው ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ከነትርጉሙ ተስማሙበት። «ደርሰናል» ማለት ጎማው ቆሟል ማለት ነው። በቃ። ጭሱ ከሩቅ ታየኝ ማለት አይደለም።

ሌላው የቃል ወጥመድ «ወጣን» ነው። ከጣቢያ መነሳትንም፣ ከሕንፃ መውጣትንም በአንድ ቃል ነው የምንለው። «ውስጥ» እና «ውጪ»ም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም በ«ው» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም አጭር ናቸው፤ በጭምብል ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። እኔ የማሠለጥናቸው ቡድኖች አሁን የሚጠቀሙት እነዚህን ነው፦

ጣቢያ ነን። መኪናው በቦታው ነው፣ ሰው ሙሉ ነው።
ተነስተናል። ጎማው ተንቀሳቅሷል።
ደርሰናል። ጎማው ቆሟል።
ውስጥ ነን። ሕንፃው ውስጥ ሰው አለን።
ደጅ ነን። የገባው ሁሉ ወጥቶ ተቆጥሯል።
ነፃ ነን። ለሌላ ጥሪ እንሄዳለን።
ጥገና ላይ ነን። አትቁጠሩን።

ልብ በሉ፣ ከሰባቱ አንዱም በ«አል» ወይም በ«አይ» አይጀምርም። «ወጣችሁ?» ብላችሁም አትጠይቁ። «የት ናችሁ?» በሉ። መልሱ «ውስጥ ነን» ወይም «ደጅ ነን» ይሆናል። ግማሹ ቢቆረጥ እንኳ ወደ ተቃራኒው አይገለበጥም።

«እሺ»ንም ከመልስ ዝርዝር አውጧት። ሰማሁ ማለት ነው፣ ተስማማሁ ማለት ነው፣ ወይስ አደርገዋለሁ? ሦስቱንም ነው። በምትኩ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ። «ቦቴ 2፣ በኋላ በር በኩል ግባ» ከተባለ፣ መልሱ «ቦቴ 2፣ በኋላ በር እገባለሁ» ነው። ጥሪ ስትጀምሩ ደግሞ ተጠሪው መጀመሪያ፣ ጠሪው ቀጥሎ ይጠራ፦ «ማዕከል፣ ቦቴ 2»። ሰው የራሱን ስም ሲሰማ ነው ጆሮውን የሚያቆመው። ሰላምታና «እንዴት ዋላችሁ» ለጣቢያ ይቆይ። ደግነቱ ድሬ አንቱታ ብዙም አይበዛባትም፤ አዛዡን «አቦ ስማኝ» ከማለት ግን «አዛዥ» ብሎ በሥራው መጥራት ይሻላል። አዛዡ ቢቀየርም መጠሪያው አይቀየርም።

ቁልፍስ? ዲጂታል ሬዲዮዎች አስቀድሞ የተዘጋጀ መልእክት በአንድ ቁልፍ ይልካሉ። ማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ «ቦቴ 2፣ ደርሷል» የሚል ይወጣል፣ ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል። ለሹፌር ይህን የሚያህል ነገር የለም። ቻናሉ በንግግር አይጨናነቅም። ግን ወፍራም ጓንት ላጠለቀ ሰው ጭስ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ መፈለግ አይሆንም። ስለዚህ ከመነሻ እስከ መድረሻ በቁልፍ፣ ከበሩ ወዲያ በድምፅ ይሁን። ቁልፍ ካስገባችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ። መሣሪያው 14:20 ብሎ ይመዘግባል፤ ተረኛው ደብተሩ ላይ 8:20 ይጽፋል። ሪፖርት ሲሠራ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣና ማን መቼ እንደደረሰ ያጨቃጭቃል። አንዱን ምረጡና ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ስልክን በአጭሩ ልለፈው። ስልክ ለአንድ ሰው ይነግራል፤ ሬዲዮ ለሁሉም። አንዱ «ጣሪያው ሊወርድ ነው» ሲል ሁሉም በአንዴ መስማት አለባቸው። በዚያ ላይ ትልቅ አደጋ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ይደዋወላል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። በስልክ ኔትወርክ የሚሠሩ እንደ ሬዲዮ የሚያናግሩ አፖችም በዚሁ ኔትወርክ ላይ ናቸው የተንጠለጠሉት። ለአስተዳደር ሥራ፣ ለፎቶ፣ ቦታ ለመላክ ይጠቅማሉ። ሰው ሕንፃ ውስጥ ካለ ግን በእነሱ አትተማመኑ።

ቀጥታ ወይስ በሪፒተር?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በደንብ ማሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥታ ማለት ከእጅ ሬዲዮ ወደ እጅ ሬዲዮ ነው። የእጅ ሬዲዮ ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዋት ነው። ሕንፃ በበዛበት ሰፈር ርቀቱ ያጥራል። ሪፒተር ግን ከፍታ ላይ ይቀመጣል። የደከመውን ድምፅ ይቀበላል፣ አጠንክሮ ይለቃል። ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ ከፋብሪካው እስከ ጣቢያው ለመገናኘት ያለ እሱ ይከብዳል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ግን የደንገጎ ተራራ ቆሟል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ቁጭ ብላለች። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ሬዲዮ የምትፈልጉ ከሆነ ተራራው ላይ የሚቆም ነገር ግድ ነው። የእጅ ሬዲዮ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ድንጋይ አይበሳም።

ታዲያ ሁሉንም በሪፒተር ለምን አናደርገውም? ምክንያቱም ሪፒተር ሲጠፋ ሁሉም ሰው በአንዴ ዲዳ ይሆናል። መብራት ሲሄድ ባትሪ ከሌለው አለቀ። ምድር ቤት ወይም ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ተራራው ላይ ያለውን ሪፒተር ላይደርስበት ይችላል፤ በር ላይ የቆመውን ጓደኛውን ግን በቀጥታ ይደርስበታል። አሥር ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው ድምፅን ተራራ ወጥታ ተመለሺ ማለት ልክ አይደለም።

የኒውዮርኩን መንታ ሕንፃ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማነሳው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሪፒተር ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ጥቃቱ በደረሰበት ጠዋት አለቆቹ ሰሜኑ ሕንፃ ውስጥ ሲሞክሩት አልተሰማም። በኋላ የተደረገው ምርመራ ሪፒተሩ ይሠራ እንደነበር፣ ነገር ግን ለማስነሳት ከሚያስፈልጉት ቁልፎች አንዱ እንዳልተጫነ አረጋገጠ። በሰሜኑ ሕንፃ በሌላ ቻናል ሠሩ። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሁሉም የሞቱት በሬዲዮ ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም። ግን መሣሪያ ተተክሎ አጠቃቀሙ በጣት ካልተለመደ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምርጫዬ ሁለቱንም ነው፤ እያንዳንዱ በቦታው። ቻናል 1 በሪፒተር፣ መኪና ከማዕከል ጋር ይነጋገርበት። ቻናል 2 ቀጥታ፣ ቦታው ላይ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገሩበት። አዛዡ ሁለት ሬዲዮ ይያዝ። ሕንፃ የሚገባ ሁሉ ከበሩ ላይ ወደ 2 ይቀይር፣ «ውስጥ ነን» ብሎ ተናግሮ መልስ ሳይሰማ አይግባ። አንድ ቻናል ብቻ ያለው ቡድን ይህን ማድረግ አይችልም። በጀት ካነሰባችሁ የሬዲዮውን ብዛት ቀንሱ እንጂ ሁለተኛውን ቻናል አትቀንሱ።

ድሬ ላይ ሌላ ምክንያትም አለ። የደቻቱ ወንዝ። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሌሊት መጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ ሲሞላ ከዚራና መጋላ ሁለት ከተማ ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ሌሊት ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለ ቡድን እየተያየ መነጋገር መቻል አለበት። ሪፒተሩ ቢጠፋ ወንዙን ማዶ ለማዶ በቀጥታ ቻናል መሻገር ትችላላችሁ። ይህን በበጋ ሞክሩት።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል?

ሻጮች ዲጂታሉን ያስቀድማሉ። የሚሉት ብዙው እውነት ነው። በገበያው የተለመደው ዲኤምአር የሚባለው ደረጃ በ12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ሁለት ንግግር ያስተናግዳል። ድምፁ ሽሽታ የለውም፣ ማን እንደሚናገር ስክሪን ላይ ያሳያል፣ የሁኔታ ቁልፉም እሱ ላይ ነው ያለው።

ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አናሎግ ሲደክም ቀስ በቀስ ነው፤ ሽሽታው ይጨምራል፣ ቃሉ ይደበዝዛል፣ እናንተም «ልጁ እየራቀ ነው» ትላላችሁ። ዲጂታል እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማና በአንዴ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ የለውም። ሁለተኛው ጫጫታ ነው። ዲጂታል ሬዲዮ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የሰው ንግግር ይሆናል ብሎ ነው። ከጎኑ መጋዝ ወይም የአየር ማለቂያ ደወል ሲጮህ ይደነጋገራል፤ የሚወጣው ድምፅ ጉርምርምታ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የእሳት አደጋ አለቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫጫታ የሚያጣሩ ሬዲዮዎች ተሻሽለዋል፤ ሆኖም በጭምብል ሳትሞክሩ አትግዙ። ማይክሮፎኑን የጭምብሉ ድምፅ ማውጫ ላይ አስጠጉት፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። መጮህ ድምፁን ያበላሸዋል።

በሪፒተር የሚሠራ ዲጂታል ላይ ቁልፉን ስትጫኑ «ተናገር» የምትል አጭር ድምፅ ትመጣለች። እሷን ጠብቁ። «አል»ን የምትበላው ያቺ የማትጠበቅ ግማሽ ሰከንድ ናት።

የእኔ ምክር፦ ሁለቱንም የሚሠራ ሬዲዮ ግዙ። ቻናል 1ን ዲጂታል፣ ቻናል 2ን አናሎግ አድርጉት። ለመኪናና ለማዕከል የዲጂታሉ ምዝገባ ይጠቅማል። ጭስ ውስጥ ላለ ሰው እየደከመ መሆኑን የሚናገር አናሎግ ይሻላል።

ድግግሞሹ ቪኤችኤፍ ይሁን ዩኤችኤፍ? የመጀመሪያው ሞገዱ ወደ 2 ሜትር ይረዝማል። ለሜዳ፣ ለገጠር መንገድ፣ ለዳገት ይሻላል። ሁለተኛው ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። በበርና በመስኮት ቀዳዳ ሾልኮ ሕንፃ ውስጥ ለመግባት ይቀለዋል። ቡድናችሁ የሚሠራው መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ገበያ ውስጥ ከሆነ ዩኤችኤፍ ውሰዱ። በየትኛውም ቢሆን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሰጣችሁ ድግግሞሽ ይኑራችሁ። ካርቶኑ ውስጥ ተሞልቶ የመጣውን ቻናል እንዳለ መጠቀም የሌላውን መገናኛ መረበሽ ነው፤ እናንተንም ሌላው ይረብሻችኋል።

ባትሪን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የድሬ ፀሐይ ሊቲየም ባትሪን ይገድላል። ሬዲዮውን ከመኪናው መስታወት ሥር አትተዉት። ለአንድ ሬዲዮ ሁለት ባትሪ ያዙ። አይፒ67 የሚል ምልክት ያለው አቧራም፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መስመጥንም ይቋቋማል። ለጎርፍ ሥራ ከዚያ በታች አትውረዱ።

ለሐረር ሰዎች

ጀጎል ውስጥ ነገሩ ይለያል። መኪናው በሩ ወይም ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሰው በእግር ይገባል፣ ቱቦ ይጎተታል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጠባብ መንገድ ቱቦ ይዞ ማለፍ ይከብዳል። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ጠባቡ መንገድ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ለጀጎል የምመክረው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሬዲዮ የያዘ አንድ ሰው አቁሙ፣ ከውስጥ የሰማውን ወደ በሩ ያስተላልፍ። በጣም ውድ ከሆነ ሬዲዮ ይበልጥ ይሠራል።

ሌላው የበር ስም ነው። ሸዋ በር የሚለው አለ፣ አስማዲን በሪ የሚለውም አለ፤ በሩ አንድ ነው። ቡዳ በርና በድሪ በሪም አንድ ናቸው። ኤረር በርና አርጎብ በሪም እንዲሁ። በሬዲዮ «ሸዋ በር ነን» ያለውን ሰው «አስማዲን ና» ብትሉት የሐረር ልጅ ይገባዋል። ከድሬ ለእገዛ የመጣው ግን ላይገባው ይችላል። ለእያንዳንዱ በር አንድ መጠሪያ ምረጡ፣ ካርታ ላይ ጻፉ፣ ለድሬዎቹም ስጧቸው። ድሬ ላይ ቀበሌን «ዜሮ ሰባት» ብሎ መጥራቱ ጥሩ ልማድ ነው፣ ያዙት። «ሰባት» ጫፏ ሲቆረጥ «ሰባ» ትሆናለች፤ «ዜሮ» ቀድማ ከመጣች ግን ሰባ አይባልም።

ሰው ሲጠመድ

ለዚህ አንድ ቃል ብቻ ይኑራችሁ። አንዳንዱ ቡድን «ድረሱልን» ይላል። ጥሩ አማርኛ ነው፣ ነገር ግን ከ«ደርሰናል» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በተቆራረጠ ድምፅ ይምታታል። እኔ «ሜይዴይ»ን እመርጣለሁ። ሦስት ጊዜ። የማናችንም አፍ መፍቻ ስላልሆነ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ተናጋሪው እኩል ይማረዋል። ከሌላ ቃል ጋርም አይመሳሰልም። ከዚያ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደገጠመው ይናገር። ሌላው ሁሉ ዝም ይበል። ሬዲዮው ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ ቁልፍም ፕሮግራም መደረጉን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ አይሠራም። አዛዡ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ውስጥ ያለውን በስም ይጥራ። «ሁላችሁም ደህና?» አይበል። ለ«ሁላችሁም» የሚመልሰው አንድ ሰው ነው፣ ያም በሩ አጠገብ ያለው ነው።

ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሬዲዮ ተዋሱ። አንድ ሰው ጭምብል አጥልቆ መጋዘኑ ውስጥ ይግባ፣ ከጎኑ ጄኔሬተር ይነሳ። «አልወጣንም» የሚለውን አሥር ጊዜ፣ «ውስጥ ነን» የሚለውን አሥር ጊዜ፣ እያቀላቀለ ይናገር። ደጅ ያለው የሰማውን ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።